ቆጣሪው ሲጥለቀለቅ

ጥቅምት 6

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ ጋሽ ብሎንስ እንዴት ነው? የፖስታው ጀልባ ሳይነሳ ልድረስበት ብዬ ምሳዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ነው የምጽፍልሽ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ከመሰለሽ የጀልባውን ካፒቴን ውቀሺ፤ እኔ የለሁበትም።

የደሴቱ ሰው «ወንድምሽ ምን በድለነው ነው መስመራችንን የሚዘጋብን?» እያለ ጤና ጣቢያው በር ላይ እንደሚይዝሽ ጽፈሽልኛል። አልፈርድባቸውም። ስልካችሁም፣ አንቺ ከከተማ ሐኪሞች ጋር የምትነጋገሪበትም መስመር በእኛ አንዲት አሮጌ ሳተላይት በኩል ነው የሚያልፈው፤ እሷ ስትጠፋ እናንተም ትጠፋላችሁ። ምን ልመልስላቸው ካልሽኝ እንዲህ በያቸው። ምድር በወገቧ ዙሪያ ቀበቶ አላት፤ ዓይን አያየውም፣ እጅግ ፈጣን በሆኑ ኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው። ሳተላይታችን የምትኖረው እዚያ ቀበቶ ውስጥ ነው፤ አቧራማ መንገድ ዳር እንደተሠራ ቤት። በደህናው ቀን ጠራርጎ መኖር ይቻላል። ከፀሐይ የሚመጣው ነፋስ ሲፈጥን ግን ኤሌክትሮኖቹ ይበዛሉ፣ ግድግዳዋን አልፈው ይገቡና ሽቦዎቿ የተሸፈኑበት ፕላስቲክ ውስጥ ይወሸቃሉ። ጥቂት ቢሆኑ ግድ የለም። እየተጠራቀሙ ሄደው ፕላስቲኩ በቃኝ ያለ ቀን ሆዷ ውስጥ ትንሽ መብረቅ ይወድቃል። መብረቁ የበራ ዕቃ ካገኘ ያቃጥለዋል፤ የጠፋ ዕቃ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ አልፎት ይሄዳል። የምናጠፋት ለዚህ ነው፤ ጠልተናቸው አይደለም።

የእኔ ሥራ ነገና ከነገ ወዲያ ምን ያህል እንደሚመጣ፣ ፕላስቲኩ ውስጥም ምን ያህል እንደተጠራቀመ በስሌት መገመት ነው። ሞዴል እንለዋለን። ሰዎቹ ግን ሟርት ነው የሚሉት። የመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሳትቀር መታወቂያዬን እያገላበጠች «ሟርተኛው፣ ዛሬስ ምን ሊወርድብን ነው?» ትለኛለች። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ አጥፉ አልኩ፣ ሁለቴም ምንም አልሆነም። ስላጠፋናት ይሁን፣ ወይ ከመጀመሪያውም ምንም ስላልነበረ ይሁን፣ ማን ይወቀው? የዳነ ነገር ማስረጃ የለውም፤ ሥራችን እንዲህ ያለ ነው። አለቃችን አቶ ይሁንና (ይህ ስማቸው አይደለም፤ ወሬያቸውን ሁሉ «ይሁንና» ብለው ስለሚጀምሩ እኛ ያወጣንላቸው ነው) በዚህ ሳምንት ስብሰባ ከሁሉም ፊት፣ ሦስተኛም እንዲሁ ባዶ ከሆነ ስሌቴን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ሳተላይቷ ላይ ያለውን ቆጣሪ ብቻ እንደሚያዩ ነገሩኝ። እሷ ደግሞ ልትኖር ከታሰበላት በላይ ኖራለች። ተተኪዋ «የሚመጣው ዓመት» ትመጥቃለች ሲባል እኔ ሸበትኩ። አንድ ቀን ሳናጠፋት ብትቃጠል ደሴቶቹ ሁሉ ዓመት ሙሉ ያለ ሐኪም ሊቀሩ ነው።

ስለ ራሴ ለጠየቅሽው፣ ደክሞኛል። እረፍት ውሰድ አትበዪኝ፤ እረፍት ላይ ሆኜም ፀሐይን ቀና ብዬ ሳያት ሥራ ነች።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ጎረቤትሽ በር አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሽ፣ ስለ ባልሽ ልብ አንድ መስመር። እኔ በቁጥር መካከል ያለ ክፍተት መፈለግ እንጀራዬ ነው፣ እታለም። የልብ ሐኪሟ ምን አለች?

ወንድምሽ


ጥቅምት 19

ወንድምዬ፣

ባለፈው ጀልባ ባዶ እጁን ስለመጣብህ ይቅር በለኝ። የክትባት ሳምንት ነበር፤ የስንቱን እናት ጭቅጭቅ ስሰማ ሰንብቼ ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ለምን አትደውዪም ላልከው፣ የመስመሩ ደቂቃ ለሕመምተኛ ነው። ደግሞ ስልኩ ያለበት ክፍል ግድግዳው ወረቀት ነው፤ እኔ ለአንተ አንድ ነገር ሳወራ ከውጭ የተሰለፈው ሰው አስተያየት ይሰጥበታል።

በሩን አቃለህ አትናገር። ጡረተኛው አስተማሪ ውሃ የተፋውን የመርከብ በር አግኝቶ ቤቱ ላይ ገጠመው፤ ክብ መስኮት ያለው። አሁን መንገደኛው ሁሉ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ሳያይ አያልፍም፤ ሚስትየው መጋረጃ ስትሰቅል አስተማሪው ያወርዳል፣ እሷ ትሰቅላለች። በዚህ ሳቢያ ሁለቱ ከተነጋገሩ ቆይተዋል፤ መልእክታቸውን የማመላልሰው እኔ ነኝ።

እሺ፣ ስለ ብሎን። ጠዋት ጠዋት ሽቦዎቹን ደረቱ ላይ እለጥፍለታለሁ። «እንደ ጀልባ ሞተር አደረግሽኝ» ይላል። የልቡ ምት ሥዕል በአንተዋ ሳተላይት በኩል ከተማ ላለችው የልብ ሐኪም ይሄዳል፤ እሷ አይታ የመድኃኒቱን መጠን ትመልስልኛለች፤ ዛሬ ግማሽ ክኒን ቀንሺ፣ ነገ ጨምሪ እያለች። ሲበዛ ልቡን ያዘገየዋል፣ ሲያንስ ያስጋልበዋል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ትኩሳት ለኪ፣ ቁስል እጠቢ በለኝ። ያ ሥዕል ግን ለእኔ ተራራና ተራራ ነው። ከተማ ገብተን እዚያው እንከታተል ብዬ ለምኜው ነበር፤ ከተማ ምን ልጠግን ነው የምሄደው፣ ሊፍት? አለኝ። ከእሱ ሌላ የጀልባ ሞተር የሚፈታ ሰው እዚህ እንደሌለ ታውቃለህ፤ እሱም ያውቃል፣ ክፋቱ።

ሟርተኛ መባልህን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። አማቼ የባሰ ስም ሳያወጡለት ዝም ይበል ብሏል። ደግሞ በልልኝ ያለህ አለ፤ እሱ የሚፈራው የሚያጓራ ሞተር ሳይሆን ሲያጓራ ቆይቶ በድንገት ድምፁ ያማረ ሞተር ነው። ምን ማለቱ እንደሆነ አንተው ከእሱ ጋር ተግባቡ።

እኔ ደህና ነኝ። እግሬ አልፎ አልፎ ከማበጡ በቀር።

እህትህ


ኅዳር 8

ወንድምዬ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፀሐይ ላይ አለ ያልከኝን ቀዳዳ፣ በየወሩ እየዞረ ፊቱን ወደኛ እንደሚያዞርና አሁን ከበፊቱ ሰፍቶ እንደሚመጣ ለብሎን አንብቤለታለሁ። «እንደ ቤት አከራይ ነዋ» ብሏል።

ያለ ሐኪሟ ስንት ቀን መቆየት ይችላል ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ጠይቄያታለሁ። ልቡ ረግቷል፣ ሳምንት ቢሆን፣ ከዚያም ትንሽ ቢያልፍ ምንም አይደለም ብላለች። ስለዚህ በእኛ ምክንያት እንዳትወላውል። ሥራህን ሥራ።

ለዛሬ ይኼው ነው። ብሎን ተኝቷል፤ ሲነሳ ሰላምታህን አደርስልሃለሁ።

እህትህ


ኅዳር 15

እታለም፣

ደብዳቤሽ ከማጠሩ የተነሳ ፖስታውን ሁለቴ አራገፍኩት፤ ሌላ ገጽ የቀረ መስሎኝ። ስለ በሩ እንኳ የለም። ቢሆንም ተነፈስኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሌላ መልስ ጽፈሽልኝ ቢሆን ስብሰባው ላይ አፌን ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ሞዴሉ ሲጮህ ሰምቼ እንዳልሰማሁ እሆን ነበር ማለቴ ነው። ከመልስሽ በኋላ ግን አፌን ሞልቼ ተናገርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቀዳዳው የሚወጣው ነፋስ ኅዳር 20 ይደርሳል። በደረሰ ቀን ቀበቶው ይሳሳል እንጂ አይወፍርም፤ ያኔ ሰው ሁሉ አለፈ ብሎ እጁን ያራግፋል። ኤሌክትሮኖቹ የሚያብጡት ሁለት ቀን ያህል ቆይተው ነው፣ ሰማዩም ሰዉም ዝም ካለ በኋላ። ስለዚህ ኅዳር 22 እናጠፋታለን፣ ኅዳር 26 ጠዋት እናበራታለን። አቶ ይሁንና ለግማሽ ሰዓት ያህል ተጨቃጭቀው፣ ፊታቸውን በመሐረብ ጠራርገው ተስማሙ። ከስብሰባ ስንወጣ የሒሳብ ክፍሏ ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ሰውዬው ሚስታቸው ሰኞ ዕለት መኪናውን ከለከለቻቸው፣ ለዚያ ነው ጭቅጭቅ ያነሱት አለችኝ። ምን አገናኘው ብዬ አለፍኳት። ይኼ ቤት ስለ ቀበቶ ከሚያወራው ስለ ሰው ሚስት የሚያወራው ይበልጣል።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ መስመሩ ሊዘጋ ጥቂት ነው የሚቀረው። የመጨረሻውን የመድኃኒት መጠን ከሐኪሟ ተቀበዪና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ጋሽ ብሎንን ለእነዚያ ቀናት ከሞተር ሥር አውጪልኝ። አይሰማሽም፤ ቢሆንም ወንድምሽ ብሏል በዪው።

ወንድምሽ


ኅዳር 26

እታለም፣

ዛሬ ጠዋት ትበራለች ብዬሽ ነበር፤ አልበራችም። ዛሬ የሚነሳው ጀልባ ይህን ይዞልሽ እንዲመጣ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፤ ቢሮ ካልኩት፣ የቁጥጥር ክፍሉ ጥግ ያለች፣ የቡና ማሽን የምታክል ጠረጴዛ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። የሆነውን ልንገርሽ። እንዳልኩት ነፋሱ በመጣ በሁለተኛው ቀን ኤሌክትሮኖቹ መብዛት ጀመሩ። በዙ፣ በዙ፣ እኔ ከገመትኩት አለፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረኞቹ ሟርተኛ ሳይሉ በስሜ ጠሩኝ። ትላንት እኩለ ቀን ላይ ግን ቆጣሪው (እሷን ስናጠፋ እሱን ብቻ አብርተን እንተወዋለን) በድንገት ወደ ግማሽ ወረደ። ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ፤ አንዷ ተረኛ ጫማዋን አወለቀች። አቶ ይሁንናም ነገ ጠዋት በተያዘው ሰዓት አብሩ ብለው ኮታቸውን ወሰዱ።

እኔ ግን አልወጣልኝም። ቆጣሪው እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? እያንዳንዱ ኤሌክትሮን መጥቶ ያንኳኳል፤ ቆጣሪው አንድ ይልና ለሚቀጥለው ትንፋሽ ይወስዳል። እንግዳው እየበዛ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ሲያንኳኳ ግን ትንፋሽ ያጣል። ብዙውን እንደ አንድ ይቆጥረዋል። ከመጠን ሲያልፍ ይጥለቀለቅና ቁጥሩ ሲጨምር ሳይሆን ሲቀንስ ይታያል። እውነት የቀነሰ ቀንና የተጥለቀለቀ ቀን በወረቀት ላይ ቁጭ አንድ ዓይነት ናቸው። ሌሎች አገሮች ያሏቸውን ሁለት ሳተላይቶች ቁጥር አየሁ፤ አንዱ ከእኔ ጋር ነው፣ አንዱ ከአቶ ይሁንና ጋር።

ሰውዬውን በራቸው ላይ ደረስኩባቸው።

«ይሁንና፣ ቆጣሪው ቀንሷል ይላል» አሉኝ።

«ቆጣሪው አፉ ሞልቶ ነው» አልኳቸው።

ኮታቸውን ለበሱ። ከዚያ፣ ሁለት ቀን ከጨመርክ ደሴቶቹ ሁለት ቀን ይጨምራሉ፣ ይህን የምትለው አንተ ብቻ ነህ፣ ስለዚህ ፊርማውም ያንተ ብቻ ይሆናል አሉኝ። ፈረምኩ። እስከ ኅዳር 28 ጠፍታ ትቆያለች። ጋሽ ብሎን በድንገት ድምፁ ስላማረ ሞተር የላከብኝ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ድፍረቱን ግን ያገኘሁት ካንቺ ነው፤ ሳምንት ይችላል ስላልሽኝ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ዓይኔ መስመሩን ይዘላል። ጋሽ ብሎንን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ


ታህሣሥ 14

እታለም፣

በሰላም ገባሁ። ጀልባው ላይ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ማን ሞቶብህ ነው፣ ሲሉኝ ጋሽ ብሎን አልኳቸው፤ ውይ የሞተሩ ሰውዬ ብለው ለራሳቸው አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ቤትሽ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለነበር አንቺና እኔ በእነዚያ ሁሉ ቀናት ብርድ ልብስ ከማጠፍና ወንበር ከማመላለስ በቀር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አንቺም ዓይኔን እየሸሸሽ ነበር። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

ዛሬ የልብ ማሽኑን እንድመልስ ባዘዝሽኝ መሠረት ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ጉንፋን የያዛት ወጣት ልጅ ናት፤ አፍንጫዋን እየጠረገች ተቀበለችኝ፣ ነፍስ ይማር አለች። ማሽኑን ፈርማ ከወሰደች በኋላ የነርሷ ወንድም መሆኔን ስታውቅ ድምፅዋን ቀነሰች። ለእህትህ በግልጽ ነግሬያት ነበር አለች። ልቡ ገና አልረጋም፣ መጠኑ በየቀኑ እየተስተካከለ ነው፣ ያለ ሥዕል ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ፤ መስመሩ የሚዘጋ ከሆነ አስቀድመሽ ወደ ከተማ አምጪው።

ሁለት ቀን።

ኮሪደሩ ላይ ካሉት ፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። የሚያልፈው ሰው ወረፋ የያዝኩ መስሎት ከኋላዬ ተራ ያዘ። ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ አቅሙን አጣሁት። በኅዳር 8 ደብዳቤሽ ሳምንት ይችላል ብለሽኛል። ጋሽ ብሎን ያረፈው ኅዳር 27 ነው፤ እኔ ብቻዬን ፈርሜ ካስጨመርኳቸው ሁለት ቀናት በአንዱ። መስመሩ ኅዳር 26 ቢከፈት ኖሮ በዚያው ጠዋት ሥዕሉ ሐኪሟ ጋ ይደርስ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ሐኪሟ ተሳስታ ነው ወይስ አንቺ ዋሽተሽኝ ነው?

ወንድምሽ


ታህሣሥ 26

ወንድምዬ፣

ሐኪሟ አልተሳሳተችም።

ያን ዕለት መጀመሪያ የጻፍኩልህ ደብዳቤ ሌላ ነበር። ሁለት ቀን ብላለች፣ ከቻልክ አታጥፋት፣ እኔም ይዤው ልምጣ ብለው አይሰማኝም ብዬ ነበር። ብሎን ተኝቷል ያልኩህም ውሸት ነው። ከኋላዬ ቆሞ ዳቦ እየበላ በትከሻዬ ላይ ያነብ ነበር፤ ፍርፋሪው ወረቀቱ ላይ ሲወድቅ እያራገፍኩ ነው የጻፍኩት። ጨርሼ ሳጥፈው ከእጄ ወሰደና ለሁለት ቀደደው።

ተጣላን። እንደ ባልና ሚስት በደንብ ተጣላን፣ ጎረቤት እስኪሰማ። አስተማሪው በክብ መስኮቱ በኩል አንገቱን እንዳሰገገ ነበር። ብሎን ሰዎቹን በጣቱ ይቆጥርልኝ ጀመር፤ መንታ ያረገዘችው ልብስ ሰፊ፣ አስም ያለበት የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣ ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ፣ የሌሎቹ ደሴቶች ሰዎች ሁሉ። አማቼ ይኼን ደብዳቤ ካነበበ ዝም ይላል አለ። ያቺ ነገር ከተቃጠለች እነዚህ ሁሉ ዓመት ሙሉ ያለ ሐኪም ይቀራሉ፣ በእኔ አንድ ልብ ምክንያት። እንግዲያው ከተማ እንሂድ አልኩት። ሁለት ጀልባ ሞተራቸው ተፈቶ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ነበር፣ የፈታውም እሱ ነው፤ ገጥሜ ልጨርስ፣ ከዚያ እንሄዳለን አለኝ። ከዚያ የሚባል ነገር እሱ ዘንድ መጨረሻ እንደሌለው እያወቅሁ።

በመጨረሻ እንዲህ አለኝ፤

«አንቺ ነርስ ነሽ ወይስ ሚስት?»

«ሁለቱም ነኝ» አልኩት።

«እንግዲያው ይኼን ደብዳቤ በነርሷ እጅ ጻፊው።»

ጻፍኩት። ለዚያ ነው አጭር የሆነብህ።

መስመሩ ከተዘጋ በኋላ መጠኑን ግድግዳው ላይ እንደለጠፍኩት ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር 26፣ ማዞር ጀመረው፣ ግማሽ ቀነስኩ። በማግስቱ ጠዋት ሽቦዎቹን ለጥፌ ሥዕሉን አወጣሁት፤ የሚያይልኝ ባይኖርም። ተራራዎቹ መሐል ላይ ተራርቀው ነበር። መራራቃቸው ይታየኛል፣ ምን ማለት እንደሆነ አይገባኝም። ወንበሩ ላይ ሆኖ መፍቻውን አቀብዪኝ አለኝ፤ ይዤለት ስመለስ አልፏል። ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ፤ ሥዕሉን አይታው ቢሆን መጠኑን ትቀይር ነበር፤ ቢቀየር ይተርፍ ነበር ወይ ስላት ምናልባት አለችኝ። ከምናልባት ሌላ ቃል አጥታ አይደለም፤ ያለው እሱ ነው።

ስለዚህ ስትናደድብኝ ተናደድ። አትፈር፤ ደብዳቤ ላይ መጮህ ማንንም አይረብሽም። አሁን ግን የምጠይቅህ እኔ ነኝ። ያን ቀን ቆጣሪው እውነት ቀንሶ ነበር ወይስ ተጥለቅልቆ? ደሴቱ ሳይጠይቀኝ እኔ ልወቀው። ደግሞ አታባብለኝ። አንድ ጊዜ ዋሽቼሃለሁ፤ ብድሬን እንዳትመልስ።

እህትህ


ጥር 3

እታለም፣

ለመናደድ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መፍቻው ላይ ስደርስ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ቆይቼ ነው ያነሳሁት።

ለጥያቄሽ መልስ ለመስጠት ያን ሳምንት እንደገና በሞዴሉ ውስጥ አሳለፍኩት። ነፋሱን ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጌ፣ የቆጣሪውን ትንፋሽ አሳጥሬና አስረዝሜ፣ የሌሎቹን ሳተላይቶች አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አምኜ ብዙ ጊዜ አስኬድኩት። ተጥለቅልቆ ነበር ብዬ መጻፍ ይቀለኛል። አንቺም አምነሽ ትተኚ ነበር፣ እኔም። ግን የመጣልኝ እንዲህ ነው፤ ከአሥሩ በስድስቱ ተጥለቅልቆ ነበር፣ በዚያ ቀን ብናበራት የመቃጠል ዕድሏ ሰፊ ነበር። በአራቱ ደግሞ እውነት ቀንሶ ነበር፤ አቶ ይሁንና ልክ ነበሩ፣ ማብራት ይቻል ነበር፣ የጋሽ ብሎን ሥዕልም በዚያው ጠዋት ይደርስ ነበር። ከዚህ የተሻለ ቁጥር ከዚያ ቆጣሪ ውስጥ ማንም አያወጣም። ሞክሬያለሁ፣ እታለም።

እሷ ደህና ናት። ስትበራ እንደ ልማዷ ትንሽ ተንተባትባ ተነሳች፤ ምንም ያልሆነባት አስመስላ ትሠራለች። ስለዚህ በመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሦስተኛውም ባዶ ማስጠንቀቂያ ነው። አቶ ይሁንና ጠረጴዛዬ ድረስ መጥተው ቆሙ፤ ስብሰባ የሚጠሩኝ መስሎኝ ስነሳ ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝና ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። ስሌቴን መደርደሪያ ላይ የማስቀመጡን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሱትም። ምናልባት አዝነውልኝ ነው። ይህ ከስድቡ ይከብዳል።

ቀዳዳው ታህሣሥ ላይ ሲዞር ደክሞ ስለነበር ማንም ምንም ማለት አላስፈለገውም። አሁን እንደገና እየሰፋ ነው፤ ጥር 14 ነፋሱ ይደርሳል። ሌላ ሰው ይናገር ብያለሁ። ከእኔ በኋላ የተቀጠረች ጎበዝ ልጅ አለች፣ ስሌቱን ታውቃለች። ቁጥሩን እሰጣታለሁ፤ አጥፉ የሚለውን ቃል ግን ከእንግዲህ ከእኔ አፍ ማውጣት አልችልም። አፌን ከፈት ሳደርገው ያ የሆስፒታሉ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነኝ። ፈራሁ ብትዪኝም እቀበላለሁ።

እግርሽ እንዴት ሆነ?

ወንድምሽ


ጥር 9

ወንድምዬ፣

እግሬ ደህና ነው፤ ለቀስተኛ ሲቀንስ እብጠቱም ቀነሰ።

ልብስ ሰፊዋ ሐሙስ ዕለት ወለደች። ሁለተኛው ልጅ በእግሩ መጣ። የከተማዋ አዋላጅ ሐኪም በመስመሩ ላይ ሆና እጅሽን እንዲህ አድርጊ፣ አሁን ጠብቂ፣ አሁን አዙሪ እያለችኝ ነው ያወጣሁት። ግድግዳው ወረቀት ነው ብዬህ የለ፣ ውጭ የቆመው ሰው ሁሉ አብሮ ሲያምጥ ነበር። አስተማሪውና ሚስቱም በዚያው ታረቁ፤ ሁለቱም እኩል ፈርተው እጅ ለእጅ ተያይዘው አገኘኋቸው። በሩ ግን አሁንም እንዳለ ነው፣ መጋረጃውም አልተወሰነም። ይህን የምጽፍልህ አስብበት ብዬ ሳይሆን ወሬ ስለናፈቀህ ነው።

በአንተ ላይ ያለኝን ልንገርህ፤ ጥር 14 ልጅቷን ከፊት አትግፋት። እሷ ቁጥሩን ታውቃለች፤ ቁጥሩ ማንን እንደሚያገኝ ግን አንተ ነህ የምታውቀው። አንተው ተናገር። ከዚያ በፊት ግን ለእኔ፣ እንደ እህት ሳይሆን እንደ ደሴቱ ነርስ፣ በቀጥታ አሳውቀኝ፤ ለሌሎቹም ደሴቶች ነርሶች ሁሉ። ነፋሱ ከደረሰ እስከሚያብጥ ሁለት ቀን ይሰጣል አላልክም? በሁለት ቀን ጀልባ ደርሶ ይመለሳል። የዓሣ አጥማጁን ልጅ ከነእናቱ ወደ ከተማ አሳፍሬ እልካለሁ፤ ሽማግሌውንም አስገድጄ አሳፍራቸዋለሁ። ለብሎን ያላደረግሁትን ነው የምልህ፤ እምቢ ቢሉኝም በማንም እምቢታ አልመለስም።

ስድስት ከአሥር ይበቃኛል። ቁጥርህን ባነበብኩ ቀን ብዙ አሰብኩበት። ውሃው ሲናወጥ መሐል ላይ ሞተር የጠፋበት ጀልባ አለ ሲባል ብሎን መፍቻውን ይዞ ይወጣ ነበር። እሱ ስንት ከአሥር ብሎ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። እኔ ግን ዳር ላይ ቆሜ፣ የመመለስ ዕድሉ ስንት ከአሥር ነው እያልኩ በልቤ እቆጥር ነበር። አራት የሞላበትን ቀን አላስታውስም። ሂድ ብዬው አላውቅም፤ አትሂድም ብዬው አላውቅም። አንተንም አጥፋ ወይ አታጥፋ አልልህም።

እህትህ